ቃኘው በኮሪያ ብርድ፦ የምሽግ ውሎና አዳር

(አዳማ፣ በአንድ የቅዳሜ ከሰዓት የንባብ ስብስብ ላይ የተደረገ ንግግር። ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ ነው፤ ብዙም አልተነካም።)

እንደምን ዋላችሁ? ከኋላ ያላችሁ ይሰማል? ጥሩ። ወንበር ያላገኛችሁ ወደ ፊት ኑ፣ በዚህ በቀኝ በኩል ቦታ አለ። እናቶች መጀመሪያ ይቀመጡ።

ይህን ስብስብ የምታዘጋጁ ልጆች፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በዚህ በአዳማ ሙቀት፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ታሪክ ልስማ ብሎ ከቤቱ የወጣ ሰው ሊመሰገን ይገባዋል። ስለመጣችሁ ደስ ብሎኛል።

ስለ ቃኘው ሻለቃ ተናገር ተብያለሁ። ስለ ቃኘው ሲነሳ ሁልጊዜ የሚወራው ውጊያው ነው። የትኛውን ተራራ ያዙ፣ ማን ተሸለመ፣ ማን ወደቀ። ይወራ፣ ይገባል። ግን እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ግንባር ላይ ያለ ወታደር በዓመት ውስጥ ስንቱን ቀን ይተኩሳል? የቀረውንስ ቀን ምን ሲያደርግ ይውላል? የሚበላው፣ የሚተኛው፣ የሚታጠበው፣ ካልሲውን የሚያደርቀው እንዴት ነው? ይህንን ማን ጠይቆት ያውቃል? እኔ ዛሬ የማወራው ስለዚያ ነው። በተለይ ስለ ብርዱ ወራት። በረዶ በተከመረበት ተራራ ላይ አንድ ከሐረር ወይም ከጎጃም ወይም ከአርሲ የሄደ ልጅ እንዴት አድሮ እንዴት ነጋለት?

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ እግር። ሁለተኛ ምሽግና እሳት። ሦስተኛ ሌሊቱ። በመሀል ወጣ ገባ እላለሁ፣ ታገሡኝ።

ታሪኩን ለማታውቁት በአጭሩ። የኮሪያ ጦርነት በሰኔ 1942 ዓ.ም. ተጀመረ። ሰሜኑ ደቡቡን ወረረ። የተባበሩት መንግሥታት ለአባል አገሮች ጥሪ አደረገ፣ ኢትዮጵያም ከክብር ዘበኛ የተውጣጣ ሻለቃ ላከች። ቃኘው ተባለ፣ በራስ መኮንን የፈረስ ስም። የመጀመሪያው ቃኘው በሌተና ኮሎኔል ተሾመ ይርጌቱ እየተመራ በሚያዝያ 1943 ከአዲስ አበባ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወረደ፣ ከዚያ በመርከብ ቡሳን ወደብ ገባ። ባቡሩ በየት በኩል ያለፈ ይመስላችኋል? በእኛው ከተማ ነዋ! ያን ጊዜ ናዝሬት በምትባለው። ይህች ከተማ እነዚያን ልጆች ሲያልፉ አይታቸዋለች። ሁለተኛው ቃኘው በሌተና ኮሎኔል አስፋው አንዳርጌ ሥር በ1944 ቦታውን ተረከበ፣ ሦስተኛው በሌተና ኮሎኔል ወልደ ዮሐንስ ሽታ ሥር በ1945። እዚያ ሲደርሱ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር 32ኛ ሬጅመንት ጋር ተመደቡ።

አሁን ይህን ልብ በሉ። የተኩስ አቁም ድርድሩ የተጀመረው በሐምሌ 1943 ነው። የተፈረመው ደግሞ ሐምሌ 20 ቀን 1945። ሁለት ዓመት ሙሉ! በዚያ ሁለት ዓመት አብዛኛው ጊዜ ግንባሩ ከቦታው ብዙም አልተነቃነቀም። ይህ ተራራ የእኛ፣ ያኛው ተራራ የእነሱ። በመሀል ሸለቆ። ስለዚህ ወታደሩ ተራራ ላይ መኖር ነበረበት። ቤቱ እዚያ ነበር። ብርዱም እዚያው ያገኘዋል።

ብርዱ ምን ያህል ነው? ከሳይቤሪያ የሚወርደው ንፋስ ሲነሳ በመካከለኛው ግንባር ሌሊት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪና ከዚያም በታች ይደርሳል። እኛ አዳማ ላይ በታኅሣሥ ሌሊት ከ15 ዲግሪ ትንሽ ወረድ ሲል ጋቢ እንፈልጋለን አይደል? ሌላ 35 ዲግሪ ቀንሱና አስቡት።

እንግዲህ አንደኛው፣ እግር።

የእናቴ ወንድም ከሁለተኛው ቃኘው ጋር ዘምተዋል። የ1945ን የበረዶ ወራት ከኅዳር እስከ የካቲት እዚያው ነው የገፉት። ከጡረታ በኋላ አዳማ ኖሩ፣ እኔም ያደግሁት በእሳቸው እጅ ነው ማለት ይቻላል። ልጅ ሆነን "ጋሼ፣ ኮሪያ ውስጥ በጣም የሚፈራው ምን ነበር?" ስንላቸው መድፍ ይላሉ ብለን ነበር የምንጠብቀው። እሳቸው ግን "እርጥብ ካልሲ" ይሉን ነበር። አንድም ቀን ሌላ መልስ ሰጥተውን አያውቁም።

ለምን እርጥብ ካልሲ? ነገሩ እንዲህ ነው። ወታደሩ ሽቅብ ሲወጣ፣ ሲቆፍር፣ ጥይት ሲሸከም ያልበዋል። እግሩም ያልበዋል። ከዚያ ጥበቃ ላይ ቆሞ ሰዓታት ሳይንቀሳቀስ ይቆያል። ላቡ ይቀዘቅዛል። እርጥበትና ብርድ ሲገናኙ ደም ወደ እግር ጣት መድረስ ያቆማል። መጀመሪያ ያማል። ቀጥሎ ሕመሙ ይጠፋል። አደጋው ያኔ ነው! ሕመሙ ሲጠፋ ልጁ ተሻለኝ ይላል። ጣቱ ይነጣል፣ ይደነዝዛል፣ ከቆየም ይጠቁራል፣ ሐኪምም ሊቆርጠው ይችላል። ጥይት ሳይነካው እግሩን ያጣ ወታደር በዚያ ጦርነት ውስጥ ከየአገሩ ብዙ ነበር።

ስለዚህ ሕግ ነበር። ሁለት ካልሲ ይያዛል፤ አንዱ እግር ላይ፣ ሌላው ከሸሚዝ ሥር ሆድ ላይ ተለጥፎ በገላ ሙቀት ይደርቃል። በየቀኑ ጫማ ይወልቃል፣ እግር ይታሻል፣ ካልሲ ይቀየራል። አለቃው ዞሮ እግር ያያል። መሣሪያ እንደሚፈተሽ እግርም ይፈተሻል። በኋላ አሜሪካኖቹ ያመጡት በሁለት ንብርብር ላስቲክ የተሠራ ትልቅ ቦት ጫማ ብዙ እግር አድኗል። እሱም ቢሆን ላቡን ውስጡ ያስቀራል፣ ካልሲ ካልተቀየረ ዋጋ የለውም።

ሌላው ነገር ጓደኛ ነው። የራስህን ፊት አታየውም። አፍንጫህ ሲነጣ፣ ጆሮህ ሲደነዝዝ አይታወቅህም። ስለዚህ ሁለት ሁለት ሆነው ይመደባሉ፣ አንዱ የሌላውን ፊት ያያል። አጎቴ ከአንድ የወሎ ልጅ ጋር ነበሩ። በየሰዓቱ "ፊትህን አዙር እስቲ" ይባባሉ ነበር። ከአርባ ዓመት በኋላ ያ ሰው አዳማ ድረስ ሊጠይቃቸው መጣ። በሩ ላይ እንደተያዩ አጎቴ ሰላምታ እንኳን ሳያስቀድሙ አገጩን ይዘው ፊቱን ወደ ብርሃን አዞሩና አዩት። እናቴ ግራ ገብቷት ቆማ ስታይ ነበር። ሁለቱም አለቀሱ። እኔም ነበርኩ።

ልብስም እንደዚሁ ነው። ብርድ ሲሆን ሰው አንድ ወፍራም ካፖርት ለብሶ መቆለፍ ይመስለዋል። ልክ አይደለም። ስስ ስስ ልብስ ደራርቦ መልበስ ነው፣ በመሀሉ አየር እንዲኖር። ሥራ ሲጀመር ይከፈታል፣ ሥራ ሲቆም ይዘጋል። እንዳያልብህ መጠንቀቅ ነው ዋናው። ጓንቱም የመተኮሻ ጣት ለብቻው የተለየ ነበር፣ ምክንያቱም ባዶ እጅ ብረት ከነካ ይጣበቃል፣ ሲላቀቅ ቆዳ ይዞ ይላቀቃል።

ወጣ ልበል ትንሽ። በ1967 ዓ.ም. እኛ ተማሪዎች ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ስንሄድ እኔ ባሌ ደጋ ደረሰኝ። ብርድ፣ ዝናብ፣ ጭቃ። እኔ ሁልጊዜ አንድ ካልሲ ሆዴ ላይ ይዤ ነበር የማድረው። ጓደኞቼ ይስቁብኝ ነበር። ክረምቱ እየገፋ ሲሄድ ግን አንድ በአንድ እነሱም ጀመሩ። ያ የአጎቴ ትምህርት ነው፤ ከኮሪያ ተራራ እስከ ባሌ ድረስ መጣ።

ሁለተኛው፣ ምሽግና እሳት።

ምሽጉ የሚሠራው መሬቱ ሳይጠነክር ነው። አንዴ ውርጭ ከያዘው ዶማው ይነጥራል፣ በፈንጂ ካልተሰበረ አይነካም። ተራራው ጫፍ አጠገብ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ በላዩ ወፍራም ግንድ ይደረደራል፣ በግንዱ ላይ የአሸዋ ከረጢት፣ በከረጢቱ ላይ አፈር። የመተኮሻ ቀዳዳው ወደ ጠላት ነው። የሚተኛበትና የሚሞቅበት ግን በተራራው ጀርባ በኩል ነው፣ የመድፍ እሳት በቀጥታ እንዳያገኘው። ሁለቱን የሚያገናኝ ቦይ አለ። ወታደሩ በዚያ ቦይ ጎንበስ ብሎ ነው የሚመላለሰው። በረዶ በጣለ ቁጥር ቦዩን መጥረግ አለበት። ጠዋት አካፋ፣ ማታ አካፋ። አጎቴ "ከጠመንጃ ይልቅ አካፋ ነው የያዝነው" ይሉ ነበር። እውነት ነው።

እሳትስ? ቀን ጭስ ይታያል። ጭስ ከታየ ሞርታር ይመጣል። ሌሊት ብርሃን ይታያል። ስለዚህ ፊት ለፊት ባለው ምሽግ እሳት የለም። ከኋላ በተሸፈነው ጉድጓድ ውስጥ ግን ከጥይት ሳጥንና ከቆርቆሮ የተሠራ፣ በናፍጣ የሚነድ ምድጃ ነበር። ተራ በተራ እየገቡ ይሞቃሉ።

እዚህ ላይ እናቶች ስሙኝ። ያ ምድጃ ሰው ገድሏል። ብርዱን ፈርተው ቀዳዳውን ሁሉ ደፍነው የተኙ ወታደሮች ሳይነቁ ቀርተዋል። ከእሳቱ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ዝም ብሎ ያስተኛል። አጎቴ እስከ ዕለተ ሞታቸው እናቴ ቡና ልታፈላ ከሰል ስታቀጣጥል ተነስተው በር ይከፍቱ ነበር። ዝናብ ቢሆን፣ ማታ ቢሆን ይከፍታሉ። እኛስ? ዛሬም በአገራችን ከሰል አስገብቶ በር ዘግቶ ተኝቶ የሚቀር ቤተሰብ አለ። እባካችሁ በር ክፈቱ። እባካችሁ።

ጠመንጃውም የብርድ ሥርዓት አለው። ዘይት ሲበዛበት ዘይቱ ይረጋል፣ መሣሪያው አይሠራም። ስለዚህ ይወለወላል፣ ደርቆ ይቀመጣል ማለት ይቻላል። ደግሞ ወደ ሞቀው ጉድጓድ ይዘኸው ከገባህ ብረቱ ያልበዋል፤ መልሰህ ስታወጣው ላቡ በረዶ ይሆንና ይነክሳል። ስለዚህ ሰውየው ሊሞቅ ሲገባ ጠመንጃው ውጭ ይቀራል። የኮዳ ውኃም እንዲሁ፣ ካፖርት ውስጥ ካልተያዘ ድንጋይ ይሆናል። መኪኖቹን ሌሊት በየተወሰነ ሰዓት እየተነሱ ማስነሳት አለባቸው፣ አለዚያ ጠዋት አይነሱም።

ምግቡ? ብዙው የቆርቆሮ ነው። ይቀዘቅዛል፣ በምድጃ ላይ ቀዳዳ ተበጅቶለት ይሞቃል፤ ካልተበሳ ይፈነዳል። የአሳማ ሥጋ ያለበት ሲደርሳቸው ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አይነካውም፣ ለአሜሪካኖቹ ሰጥተው በፍራፍሬ ይለውጡት ነበር ይሉኛል አጎቴ። በርበሬ ይናፍቃቸዋል። የገና ጾም ደግሞ ልክ በዚያ ብርድ መሀል ነው የሚውለው። በዘመቻ ላይ ያለ ሰው ግዴታ እንደሌለበት ቢነገራቸውም አንዳንዶቹ የቻሉትን ያህል ይጾሙ ነበር አሉ። እኔ ይህን ስሰማ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል።

ትኩስ ምግብ ሲገኝ ከታች በሙቀት መያዣ ጣሳ ተደርጎ ይመጣል። ማን ያመጣዋል? ይህን ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። ኮሪያውያን ተሸካሚዎች ናቸው። ብዙዎቹ ዕድሜያቸው ገፋ ያሉ ሰዎች፣ ጂጌ በሚባል የእንጨት መሸከሚያ ጥይቱን፣ ምግቡን፣ ውኃውን በጀርባቸው በበረዶ ላይ ሽቅብ ይወጡ ነበር። ቁልቁል ሲመለሱ ደግሞ ቁስለኛ ይዘው። ሐውልት ሲሠራ እነሱን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

አይጥም ነበር። ሙቀት ፍለጋ ምሽግ ውስጥ ይገባል። በዚያ ጦርነት ከ3,000 በላይ የተባበሩት መንግሥታት ወታደሮች ትኩሳትና የኩላሊት መታወክ በሚያስከትል አንድ በሽታ ተይዘዋል፤ በጊዜው ምንጩን ያወቀ አልነበረም። ከሜዳ አይጥ የሚመጣው ቫይረስ የተለየው ጦርነቱ ካበቃ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፣ በዚያው በሐንታን ወንዝ ስም ተጠራ።

ገላ መታጠብ ብርቅ ነው። ተራው የደረሰው ወደ ታች ይወርዳል፣ ድንኳን ውስጥ በሞቀ ውኃ ይታጠባል፣ የቆሸሸውን አስረክቦ ንጹሕ ልብስ ይቀበላል። አጎቴ ስለዚያ ሻወር ሲያወሩ ፊታቸው ይበራ ነበር። ስለ ሜዳሊያቸው ሲያወሩ እንደዚያ ሆነው አላየኋቸውም።

ሦስተኛው፣ ሌሊቱ።

በዚያ ግንባር ሌሊት የሥራ ሰዓት ነው። ከሰሜኑ ጎን የተሰለፉት ቻይናዎች የሚያጠቁት በአብዛኛው ሌሊት ነበር። የእኛም ልጆች ቅኝት የሚወጡት ሌሊት ነው። ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ይነቃል። ከዋናው ምሽግ ወደፊት ወጣ ብሎ ሁለት ሦስት ሰው ቃፊር ሆኖ ይቀመጣል። ሥራቸው መስማት ብቻ ነው። አትንቀሳቀስ፣ አታስል፣ እግርህን አትምታ። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ዝም ብሎ መቀመጥ! እስቲ አስቡት።

በረዶ ሲረገጥ ይንጫጫል። ብርድ ባለበት ድምፅ ሩቅ ይሄዳል። የጠላት እግር ይሰማል፣ የራስህም ይሰማል። በረዶ ላይ የሄደ ሰው ዱካ ይተዋል፣ ስለዚህ በሄዱበት መንገድ መመለስ አደገኛ ነው። ነጭ ልብስ ከላይ ይደርባሉ። ትንፋሽ እንዳይታይ አፍ ይሸፈናል።

የመኝታ ከረጢቱ ጥሩ ነበር፣ ሞቃት ነበር። ግን ፊት መስመር ላይ ዚፑን እስከ ላይ መዝጋት አይፈቀድም። ለምን? በተኛህበት ከደረሱብህ መውጫ የለህም። ስለዚህ ደረትህን ብርድ እያገኘው ነው የምትተኛው። አጎቴ እስከ መጨረሻው ብርድ ልብስ ከደረታቸው በላይ አልብሰው ተኝተው አያውቁም። ሚስታቸው ሌሊት ስታለብሳቸው ነቅተው ይገፉት ነበር። እሷም በኋላ ተወችው።

ታዲያ በዚያ ሁሉ ውስጥ ሰው እንዴት ሰው ሆኖ ይቆያል? ደብዳቤ። ማንበብ የሚችለው ላልቻለው ያነብለታል፣ ይጽፍለታል። አጎቴ ጸሐፊ ነበሩ፤ የሰው ሁሉ ሚስት ስም ያውቁ ነበር። ከዚያ ደግሞ ሕፃናቱ። ወላጆቻቸውን ያጡ የኮሪያ ልጆች በየሰፈሩ በራፍ ይቆማሉ። የእኛ ወታደሮች ከስንቃቸውም ከደመወዛቸውም እየቀነሱ ረድተዋል፣ ዶንግዱቾን ላይ ለወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ አቋቁመዋል። እጁ በብርድ የተሰነጠቀ ወታደር ጓንቱን ለልጅ ሲሰጥ አስቡ።

ከ120 በላይ የቃኘው ልጆች እዚያ ሞተዋል፣ ከ500 በላይ ቆስለዋል፣ አንድም አልተማረከም። ይህን ቁጥር ታውቁታላችሁ። የተረፉት ወደ አገራቸው መጡ። በኋላ በደርግ ዘመን ከኮሚኒስት ጋር የተዋጋ ሰው ስለ ኮሪያ በአደባባይ ማውራት አይቀለውም ነበር፤ ብዙዎቹ ዝም አሉ። ዝም እንዳሉ ያለፉም አሉ። የሚያሳዝነኝ እሱ ነው። ውጊያው በመዝገብ ተጽፏል። ካልሲው፣ ምድጃው፣ ቦዩን መጥረጉ፣ የጓደኛን ፊት ማየቱ ግን ያለው በሰዎቹ አእምሮ ውስጥ ብቻ ነው።

ስለዚህ ልጆች፣ አደራ። በቤታችሁ፣ በጎረቤታችሁ የዘመተ ሰው አለ። የኮሪያ ባይሆን የኮንጎ፣ የኦጋዴን፣ የሌላ። "ስንት ሰው ገደልክ?" ብላችሁ አትጠይቁት። ይህ ጥያቄ ሰው ያቆስላል። "ምን ትበሉ ነበር? የት ትተኛ ነበር? ማን ነበር አጠገብህ?" በሉት። ታያላችሁ፣ ያወራል። ስልካችሁን ከፍታችሁ ቅዱት። ሳጥን ውስጥ ፎቶ ካለ ከጀርባው ስም፣ ቦታና ዓመት ጻፉበት፤ ዛሬ ማታ ጻፉ፣ ነገ የሚያውቃቸው ሰው ላይኖር ይችላል።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ልጇ ዛሬ ምሽግ ውስጥ ያለ እናት ትኖራለች ብዬ አስባለሁ። እናቴ፣ ሲደውልልሽ መጀመሪያ እግሩን ጠይቂው። ካልሲ አለህ ወይ በይው። ከሌለው እንላክለት፤ እኔ አለሁ፣ እነዚህም ልጆች አሉ፣ ከስብሰባው በኋላ አግኚን።

እኔ ያለኝን ተናግሬያለሁ፣ አሁን የእናንተ ተራ ነው። እዚያ ጥግ ያለችው ልጅ እጇን ካወጣች ቆይታለች፣ ማይኩን ስጧት።